ስለ ውሻ ስምና ስለ ባለቤቱ ዕዳ

«ስም ይወጣል ከቤት፥ ይቀበላል ጎረቤት» ይላሉ አባቶቻችን። ምሳሌው የተነገረው ስለ ሰው ቢሆንም በደጃፋችን ታስሮ ለሚውለው ውሻም የሚሠራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አንዱ ውሻ «ነካሽ» ይባልና ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲወረወርበት ይኖራል፤ ሌላው «ይኸስ በግ ነው» ተብሎ ይመሰገንና ሕፃናት ጆሮውን እየጐተቱ ይጫወቱበታል። ይሁን እንጂ ስሙን ያወጣው ሰው የውሻውን ጠባይ መርምሮ ነውን? ወይስ መልኩንና ዘሩን ብቻ አይቶ? ብለን የጠየቅን እንደ ሆነ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። በዚህ ወር ስለዚህ ነገር እንድጽፍ ያነሣሣኝ በምኖርባት በሞጣ ከተማ፥ በሰፈራችን የሆነው ነው።

ከጎረቤቶቻችን አንዱ ከአዲስ አበባ ሲመለስ «ጀርመን ሼፐርድ» ከሚባለው ዘር አንድ ቡችላ ይዞ መጣ። ቡችላው ዓመት ሳይሞላው ጆሮው የቆመ፥ ጀርባው የጠቈረ ትልቅ ውሻ ሆነ። ሰው ነከሰ የሚል ወሬ ባይሰማም እናቶች ልጆቻቸው በዚያ ደጅ እንዳያልፉ ከለከሉ፤ ወደ ገበያ የሚሄዱትም መንገድ ለወጡ። በመጨረሻም በወሩ በ23፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ማኅበር ላይ፥ ጸሎቱ ከደረሰና ጽዋው ከተቀመሰ በኋላ ነገሩ በሽማግሌዎች ፊት ቀረበ። ከሽማግሌዎቹ መካከል እጅግ የሚከበሩ አንድ አባት፤ «የፈረንጅ ውሻ ከዘሩ ነካሽ ነው፤ ሰው ለመያዝ የተፈጠረ ነው። የእኛ አገር ውሻ ግን ልጅ ያሳድጋል። የእኔን ውሻ እዩት፤ ስምንት ዓመት ሲኖር አንድ ሰው ነክሶ አያውቅም» አሉ። ወደ እኔም ዘወር ብለው፤ «መምህር፥ አንተ ከቤተ ክርስቲያኑም ከዘመኑም ትምህርት ቤት ያየህ ነህ፤ እስቲ ፍረድ» አሉኝ። እኔም ሳልመረምር ለመፍረድ ስለ ፈራሁ፤ «አባቴ፥ እስከሚመጣው ማኅበር ቀን ይስጡኝ» ብዬ ለመንኋቸው።

ማኅበሩ ሳይደርስ ግን ሌላ ነገር ደረሰ። የሰባት ዓመት ልጅ የሆነች አንዲት ተማሪዬ፥ እናቷ ልካት እርሾ ልትበደር ወደ እኒያ ሽማግሌ ቤት ስትገባ፥ ያ የተመሰገነው ውሻ ክንዷን ነከሳት። የቤቱ ሰዎች ደንግጠው፤ «የእኛ ውሻ እኮ አይናከስም፤ ሲበላ ደርሳበት ይሆናል» አሉ። እናቲቱም ጎረቤቶቿን ላለማስቀየም ቍስሉን በጥቂት ውኃ አብሳ፥ የቡና ዱቄት ነስንሳ፥ በጨርቅ አስራ ልጅቱን አስተኛቻት። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስለ ቀረች ጠይቄ ነገሩን በሰማሁ ጊዜ ጉልበቴ ራደ። ስለ ምን እንደ ራደ ለማስረዳት ወደ ልጅነቴ መመለስ ይኖርብኛል።

በልጅነቴ ከቢቸና ብዙ በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ አካባቢ ቅኔ የምማር የቆሎ ተማሪ ነበርሁ። የምሥራቅ ጎጃም የቅኔ ቤቶች ስንት ሊቃውንት እንዳፈሩ አንባቢዎቼ ያውቃሉ። ነገር ግን ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ለሚዞር ልጅ ከራብና ከብርድ ቀጥሎ ትልቁ ፈተና ውሻ መሆኑን የሚያውቁ በዚያ ያለፉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ጉባኤ ቃናና ዘአምላኪየ መቍጠር ስንለምድ፥ ጎን ለጎን የየመንደሩን ውሾች ጠባይ በቃላችን እናጠና ነበር። የእገሌ ቤት ጥቁር ውሻ ክፉ ነው፤ የእገሊት ቤት ዳልቻ ውሻ የዋህ ነው እየተባባልን አዲስ ለሚመጣው ተማሪ እናስረክባለን። የውሻን አፍ ይዘጋል የሚባል ድግምትም ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፍ ነበር፤ እኔ ግን ከበትሬ በቀር የውሻ አፍ ሲዘጋ ያየሁት ነገር የለም።

ዛሬ መለስ ብዬ ሳስበው፥ ስማቸው የከፋው ውሾች እኛን የነከሱበት ጊዜ ጥቂት ነው። ምክንያቱም ወደ እነርሱ ስንቀርብ እንጠነቀቅ ነበር። ከሩቅ ቆመን እንጣራለን፤ ባለቤቲቱ ወጥታ ውሻውን እስክትይዝ እንታገሣለን፤ ዐይን ዐይኑን አናየውም፤ ጀርባችንን ሰጥተንም አንሮጥም። የምንነከሰው «የዋህ ነው» በተባለው ውሻ ደጅ ነበር፤ በዚያ ሳንጣራ እንገባለን፥ ሲበላ እንራመደዋለን፥ ቡችሎቿን አቅፋ የተኛችውን እንጠጋለንና።

ከእኔ ጋር በአንድ ጎጆ የሚያድር፥ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ አንድ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ጧት ለቍራሽ ሲዞር፥ ሁላችንም ከምናመሰግናት ከአንዲት ውሻ ደጅ ደረሰ። ውሻዪቱ አልጮኸችም፥ አልተነሣችምም፤ አጥሩን ተጠግታ፥ መንጋጋዋ ወደ ታች ተንጠልጥሎ፥ ለሓጯ እየተንጠባጠበ ተቀምጣ ነበር። የቤቱ ሰዎች፤ «አጥንት ተሰንቅሮባት ይሆናል» አሉ። ልጁ ርኅሩኅ ስለ ነበረ እጁን ወደ አፏ አግብቶ ጉሮሮዋን ዳሰሰ። ጥርሷ ጣቱን ጥቂት ጫረው እንጂ ነከሰችው የሚባል አልነበረም። ውሻዪቱ በሦስተኛው ቀን ሞተች፤ እኛም ነገሩን ረሳነው።

ሁለት ወር ያህል ከቈየ በኋላ ያ የተጫረ ጣቱ ይደነዝዘውና ያሳክከው ጀመር። ትኵሳት ያዘው፤ እንቅልፍም ከለከለው። ከዚያ በኋላ ውኃ ሲቀርብለት ጉሮሮው እየተኰማተረ ይንቀጠቀጥ፥ ነፋስ ሲነካው እንኳ ይደነግጥ ነበር። የኔታ ጸሎት አደረሱለት፤ ጠበልም ቀረበለት፤ ነገር ግን ሳምንት ሳይሞላው ዐረፈ። የቅኔ ጓደኞቹ ሆነን ቀበርነው። እናቱ ከሩቅ አገር ተነሥታ የደረሰችው ለተዝካሩ ነው።

ይህ በሽታ ሁለት መልክ እንዳለው የተማርሁት ኋላ ነው። አንደኛው ሁላችን የምናውቀው፥ ውሻው እየሮጠ ያገኘውን የሚናከስበት ነው። ሁለተኛው ውሻው የሚደነዝዝበት፥ ዝም የሚልበት፥ መንጋጋው የሚወድቅበትና መዋጥ የሚያቅተው ነው። ይህን ሁለተኛውን ያየ ሰው «አጥንት ነው» ይላል፤ ያዝንለታልም። አብሮ አደሬን ለሞት ያበቃው የውሻዪቱ ክፋት አልነበረም። በጎ ስሟ ሁላችንንም አዘናግቶ ነበር እንጂ።

አሁን ወደ ማኅበራችን ጥያቄ ልመለስ። ቀን ከተሰጠኝ በኋላ ስለ ውሻ ዘርና ጠባይ የተጻፈውን ለማየት ሞከርሁ። በመጀመሪያ፥ ይህ ሰፈራችንን ያስፈራው የጀርመን ውሻ ከየት እንደ መጣ ፈለግሁ። እ.ኤ.አ. በ1899 ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የተባለ የጀርመን ፈረሰኛ ጦር መኰንን፥ በአገሩ በግ ጠባቂዎች ዘንድ ከነበሩት ውሾች መርጦ ዘሩን ያቋቋመው ነው። ስሙም በቋንቋቸው «የጀርመን የእረኛ ውሻ» ማለት ነው። እንግዲህ በትውልዱ የኛዎቹ ከጮቄ ተራራ ሥር በረት የሚጠብቁት ውሾች የሥራ ባልደረባ ነው ማለት ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት በሆነ ጊዜ እንግሊዞች የጀርመን ስም መስማት ስለ ጠሉ ይህንኑ ውሻ «አልሴሽያን» ብለው ጠሩት። ውሻው ያው ውሻ ነበር፤ ስሙን የለወጠው የሰዎቹ ጠብ ነው።

የሠለጠኑት አገሮችም በውሻ ዘር ላይ ሕግ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው ሕግ ፒት ቡል፥ የጃፓን ቶሳ፥ ዶጎ አርጀንቲኖና ፊላ ብራዚሌሮ የሚባሉት አራት ዐይነት ውሾች እንዳይያዙ ተከለከለ፤ በ2023 መጨረሻም ኤክስ ኤል ቡሊ የሚባለው ተጨመረ። ሆላንዶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ፒት ቡል እንዳይያዝ ከልክለው ሲያበቁ፥ ክልከላው የውሻ ንክሻን እንዳልቀነሰ ስለ ተረዱ በ2008 ሕጉን ሻሩት።

እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ከዐሥራ ስምንት ሺህ የሚበልጡ ውሾችን ጠባይ ከባለቤቶቻቸው ጠይቆ፥ ከሁለት ሺህ የሚበልጡትንም የዘር ውርስ መርምሮ ነበር። በአንዱ ውሻና በሌላው መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ዘር የሚያስረዳው ከመቶ 9 እጅ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው ከአስተዳደግ፥ ከአኗኗር፥ ከዕድሜና ከእያንዳንዱ ውሻ ከራሱ የሚመጣ ነው። ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2009 በአሜሪካ ውሻ የገደላቸውን የ256 ሰዎች ጉዳይ አንድ በአንድ መርምረዋል። የገዳዩን ውሻ ዘር አረጋግጦ ለመናገር የተቻለው በ45ቱ ጉዳይ ብቻ ነበር። በአብዛኛው ተደጋግሞ የተገኘው ነገር ሌላ ነው፤ በአጠገቡ ሊያድን የሚችል አዋቂ ሰው አልነበረም፤ የተጐዳው ሰው ለውሻው እንግዳ ነበር፤ ውሻው አልተኰላሸም፤ ከቤተ ሰቡም ተለይቶ በሰንሰለት ወይም በግቢ ብቻውን ይኖር ነበር።

ይሁን እንጂ ዘር ምንም አይደለም ማለት እውነትን ማጉደል ይሆናል። ትልቅና መንጋጋው ብርቱ የሆነ ውሻ አንድ ጊዜ ቢሳሳት አጥንት ይሰብራል፤ ትንሹ ውሻ አሥር ጊዜ ቢሳሳት ጨርቅ ይቀድዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ሌላ ጥናት ሰውን በመቈጣትና ለመንከስ በመቃጣት ከፍ ብለው ከተገኙት ዘሮች መካከል ዳክስሁንድና ቺዋዋ የሚባሉት ትንንሾቹ ይገኙበታል። ቺዋዋ ማለት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በቤተ መንግሥት ያሳድጉት የነበረው የሉሉ ዘር ነው። ትንሹን ውሻ ማንም «አደገኛ» ብሎ አይጠራውም፤ ጉዳቱ ትንሽ ስለ ሆነ ቍጣው ይታለፍለታልና። ስለዚህ ትልቅ ውሻ ያሳደገ ሰው ትልቅ ጥንቃቄ ዕዳ አለበት፤ ዕዳው ግን ከውሻው ትልቅነት የመጣ ነው እንጂ ከስሙ የመጣ አይደለም።

የእኛን አገር ውሻ ያየን እንደ ሆነ ደግሞ፥ እንደ ፈረንጆቹ በመዝገብ የተጻፈ ዘር የለውም። ዐመዱም፥ ጥቁሩም፥ ቡላውም ከሰው ጋር ሲኖር የመጣ የአገር ውሻ ነው። ሌሊት ጅብን ከበረት፥ ቀን ዝንጀሮን ከማሳ ይከለክላል፤ ዋጋውም ትርፍራፊና ዱላ ነው። ሰው የተንገላታውን ሰው «ቤተ ክርስቲያን እንደ ገባች ውሻ» ሲል ይሰማል። በእርግጥ ሥርዓታችን ውሻ ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ነገር ግን ከቅጥሩ ውጭ አግኝተን በድንጋይ እንድንሰብረው አላዘዘንም።

ውሻን ክፉ የሚያደርገው ምን እንደ ሆነ ብንጠይቅ፥ መልሱ በየግቢያችን ይገኛል። ቡችላው «ኀይለኛ ይሁን» ተብሎ ጆሮው ይቈረጣል፤ በርበሬ ይበላል፤ ፀሓይ እንዳያይ በጨለማ ይታሰራል፤ ሌሊት ሲፈታ ያገኘውን ሁሉ ጠላት አድርጎ ያያል። የሰፈር ልጆችም በትምህርት ቤት መንገድ ላይ ታስሮ ያገኙትን ውሻ ድንጋይ እየወረወሩ ያስቈጡታል፤ ነገ ደግሞ ገመዱ የተበጠሰ ዕለት ያለቅሳሉ። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባላል፤ በእኛ ቤት ግን መጀመሪያ አጥሩን የቀደደው ሰው ነው።

በቅዱሳት መጻሕፍት ውሻ የሚጠራው በንቀት ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ዳሩ ግን በመጽሐፈ ጦቢት፥ ጦብያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው ተከትሎት እንደ ነበረ ተጽፏል። በሉቃስ ወንጌልም ባለጠጋው ደጅ የወደቀውን አልዓዛርን ሰው ሲጠየፈው ውሾች ቀርበው ቍስሉን እንደ ላሱለት እናነባለን። ኅዳር 25 ቀን በዓሉ የሚከበረው የሰማዕቱ የቅዱስ መርቆሬዎስ ታሪክም ሰው ይበሉ ስለ ነበሩ ገጸ ከለባት ይናገራል፤ ያስፈሩ የነበሩት እነዚያ በእግዚአብሔር ኀይል ተገርተው አገልጋዮች እንደ ሆኑ ይተርካል። ከዚህ የምንማረው የሚያስፈራ መልክ የነገር ፍጻሜ አለመሆኑን ነው።

ስለ ባለቤቱ ዕዳ ደግሞ በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 የተሠራው ሕግ ለእኛ ጉዳይ የተሰጠ ይመስላል። በሬ ሰውን ወግቶ የገደለ እንደ ሆነ በሬው ይወገራል፥ ባለቤቱ ግን ንጹሕ ነው። ነገር ግን በሬው ቀድሞም ወጊ ከነበረና ባለቤቱ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ከሆነ፥ ፍርዱ በባለቤቱም ላይ ይወድቃል። ሕጉ የበሬው ዘር ከየት እንደ ሆነ ወይም መልኩ ጥቁር ወይም ነጭ መሆኑን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ በሬው ከዚህ በፊት ምን አደረገ? ባለቤቱስ ይህን ሲያውቅ ምን አደረገ? የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ ከዚህ አልፎ ሄዷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ በቍጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ባደረሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆንም፥ ጉዳቱም አስቀድሞ ሊታሰብ የማይቻል ቢሆንም እንኳ። እንግዲህ «የእኔ ውሻ አይናከስም» ማለት በእግዚአብሔርም ሕግ በመንግሥትም ሕግ ፊት መከላከያ አይሆንም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ዘር አይመርጥምና። በሽታው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1884 በትግራይ፥ በበጌምድር፥ በወሎና በእኛው በጎጃም ብርቱ ወረርሽኝ እንደ ነበረ ታሪክ ጸሓፊዎች መዝግበዋል፤ በ1903ም በአዲስ አበባ ታይቷል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከትቦ ከሞት ያዳነው በ1884 ከሆነው ወረርሽኝ አንድ ዓመት ዘግይቶ፥ በ1885 ነው። በዚሁ ሊቅ ስም የተጠራው የፓስተር ተቋም በአዲስ አበባ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን፥ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለሚባለው መሥሪያ ቤት መነሻ ከሆኑት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአገራችን የሰውና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ተሰብስበው ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉትን በሽታዎች በአስጊነታቸው በደረጃ ባስቀመጡ ጊዜ በአንደኛ ደረጃ ያስቀመጡት ይህንን ነው። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች ከመቶ 99 የሚሆኑትን የሚያሲዛቸው ውሻ ነው፤ ከሚሞቱት ከመቶ 40 የሚሆኑትም ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ሳይታይ ግን በጊዜው የተከተበ ሰው ይድናል።

ስለዚህ በየቤቱ ያላችሁ አባቶችና እናቶች ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ። ውሻ የነከሰው ወይም የጫረው ሰው፥ ውሻው የማንም ይሁን የማን፥ ቍስሉን ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ይጠብ። ቡና፥ በርበሬ፥ ዐመድ፥ ቅጠል አይጨመርበት። ከዚያም ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ክትባቱ በዚያ ከሌለ ወዳለበት ሆስፒታል ይላክ፤ የተቈጠሩለትን ቀኖችም ሳያጓድል ይፈጽም። ውሻውን በቍጣ ከመግደል ይልቅ ሰው በማይደርስበት ቦታ አስሮ ዐሥር ቀን መጠበቅ ይሻላል፤ ዐሥሩን ቀን በጤና ከቈየ በነከሰበት ጊዜ በሽታው በለሓጩ እንዳልነበረ ይታወቃል። ነገር ግን የተነከሰው ሰው ይህን ውጤት ሲጠብቅ ክትባቱን አያዘግይ። ጠበሉንም የምትወስዱ ውሰዱ፤ እኔም እወስዳለሁ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፥ እርሱንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን እንድናስብ ያስተምረናል። ጸሎት ከመድኃኒት ጋር አይጣላም፤ የሚጣላው ስንፍና ነው።

ውሻ ያላችሁም በየዓመቱ አስከትቡ። ሊቃውንት በአንድ አገር ካሉት ውሾች ከመቶ 70ው ከተከተቡ በሽታው መንገድ አጥቶ እንደሚቆም አረጋግጠዋል። ይህም ማለት የጎረቤቴ ውሻ መከተቡ ለእኔም ልጅ አጥር ይሆናል ማለት ነው።

ወደ ታሪካችን ፍጻሜ ልመለስ። ያን ዕለት ከልጅቱ ቤት ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድሁ። የአብሮ አደሬን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ከዚያም፤ «ያ ልጅ እናት ነበረችው?» ብለው ጠየቁኝ። እናቱ ለተዝካሩ እንደ ደረሰች ስነግራቸው ተነሥተው ጋቢያቸውን አደረጉ። በዚያው ቀን ልጅቱንና እናቷን ይዘው ወደ ሕክምና ሄዱ፤ ለመንገዱና ለመድኃኒቱም ከበጎቻቸው አንዱን ሸጡ። ልጅቱ ክትባቷን ፈጸመች። ውሻው ዐሥሩን ቀን ታስሮ ተጠበቀና በጤና ቈየ፤ እናቲቱም እኔም በዚያ ዐሥር ቀን ውስጥ እንቅልፍ የተኛን አይመስለኝም።

በሚቀጥለው ወር ማኅበሩ በደረሰ ጊዜ ፍርዱን ጠየቁኝ። እኔም አስቀድሜ ወደ ሁለቱ ባለቤቶች ቤት ሄጄ ነበርና ያየሁትን ተናገርሁ። የጀርመኑ ውሻ ባለቤት አጥሩን አጥብቆ፥ ውሻውን ከልጅነቱ ከሰው ጋር አላምዶ፥ የክትባቱን ወረቀት በሣጥኑ አስቀምጦ አገኘሁት። የተመሰገነው ውሻ ግን አጥርም፥ ወረቀትም፥ ጠባቂም አልነበረውም፤ የነበረው በጎ ስሙ ብቻ ነው። ስለዚህ፤ «አባቶቼ፥ ለውሻ ዘር አልፈርድም። ከእንግዲህ በሰፈራችን ውሻ ሲታይ ‹ዘሩ ምንድን ነው?› ከማለት በፊት ‹ባለቤቱ ማን ነው? ተከትቧልን? የት ያድራል?› እንበል» አልሁ።

እኒያ ሽማግሌ ቀድመው ተነሡና፤ «እኔ በሰው ውሻ ላይ ስፈርድ የራሴን ውሻ ስም አምኜ ተኝቼ ነበር» አሉ። ከማኅበሩም አንድ ሰው ተመርጦ፥ የእንስሳት ሐኪም ክትባት በሚሰጥበት ቀን የሰፈሩን ውሻ ሁሉ እየቈጠረ እንዲያስከትብ ተወሰነ። በዚያ ቀን የሽማግሌው ውሻና የጀርመኑ ውሻ በአንድ ሰልፍ ቆመው ነበር። ሁለቱም መርፌውን በዝምታ ተቀበሉ፤ የጮኸው የአንዲት መበለት ትንሽ ቡችላ ብቻ ነው። ተማሪዬም ክንዷ ድኖ ከልጆቹ ጋር ሆና ስታይ ነበር፤ ወደ ውሾቹ ግን ሳትጣራ አልቀረበችም።

ጦብያን በመንገዱ የጠበቀ አምላክ ልጆቻችንን በየመንገዳቸው ይጠብቅልን፤ አሜን።